አንድ ፊት ብቻ ስለሚያውቀው ስልክ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ከሁሉ አስቀድሞ ጸሐፊው ስለተሰጠው መቀመጫ ቅሬታ ያስመዘግባል። ወንበር ሲታደል ለጸሐፊው የደረሰው የስፌት መኪናው በርጩማ ነው። በርጩማው አራት እግር አለው፤ አንዱ ግን ከሦስቱ ጋር ስምምነት የለውም። ስለዚህ በዚህ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ጠማማ ፊደል ቢታይ ጥፋቱ የበርጩማው እንጂ የእጁ አይደለም። ሰብሳቢዋ ቅሬታውን ሰምተው «ጋሼ፣ ደግሞ ጀመሩ?» የሚል ምላሽ ሰጥተዋል። ምላሹ በቂ ሆኖ ስላልተገኘ ቅሬታው እንዳለ ይቆያል።

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ።

ሰዓት፦ ለዘጠኝ ተጠርቶ፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዘጠኝ ተኩል ላይ የተጀመረ።

ቦታ፦ የልብስ ስፌት ቤቱ የፊት ክፍል። በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚለው ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰፊው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ባዶውን ቢሆንም፣ ሰብሳቢዋ ማንም እንዳይነካው ካዘዙ ወዲህ ጨርቅ የሚቆረጠው መሬት ላይ ነው። በዚሁ ምክንያት ስብሰባው የተካሄደው ጠረጴዛውን ከቦ ሲሆን፣ ቃለ ጉባኤው የተጻፈው በጸሐፊው ጉልበት ላይ ነው።

የተገኙ፦

ሰብሳቢ፦ ታላቅ እህት፣ የስፌት ቤቱ ኃላፊ፣ በቤተሰቡ ዘንድ «እትዬ»። ጸሐፊው ሰብሳቢዋን አዝሎ ያሳደጋቸው ቢሆንም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንቱ ይላቸዋል። ስብሰባ ነውና።

አባል፦ የሰብሳቢዋ ባል፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር።

አባል፦ ታናሽ እህት፣ ቁልፍ የምትተክልና ልብስ የምትተኩስ፣ «ትንሿ» የምትባል። በቁመት ከሁላችንም ትበልጣለች።

ተጋባዥ ባለሙያ፦ የጎረቤቱ ሱቅ ስልክ ጠጋኝ። የተከለከለው ድምፅ ከመስጠት ነው እንጂ ከማውራት አይደለም፤ ይህንንም ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ተረድቶታል።

አባልና ጸሐፊ፦ የእናታቸው ወንድም፣ ጡረታ የወጣ የመጋዘን ሠራተኛ።

ያልተገኘ፦ መካከለኛው ወንድም፣ የቤቱ ጨርቅ ቆራጭ፣ «መቀሱ»። ያለ ፈቃድ የቀረ። ትንሿ «ማን ጠራውና ነው የቀረ የሚባለው?» ስትል ጠይቃለች። ሰብሳቢዋ አንድ ሰው የራሱ ቤት ስብሰባ ካለው ባይጠራም መምጣት እንዳለበት አስረድተው፣ «ያለ ፈቃድ» የሚለው ከሥሩ እንዲሰመርበት አዘዋል። ተሰምሯል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ተሟልቷል። ትንሿ የመቀሱን ጃኬት የለበሰው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት እንደ አምስተኛ አባል እንዲቆጠር ሐሳብ አቅርባለች። ሰብሳቢዋ አሻንጉሊቱ ጭንቅላት የለውም በማለት ሐሳቡን ውድቅ አድርገዋል። ሹፌሩ ይህ ከዋናው የሚለየው ነጥብ አለመሆኑን ተናግሮ፣ ሰብሳቢዋ አፍጥጠው ስላዩት ንግግሩን ስቧል።

የስብሰባው መነሻ

ስፌት ቤቱ አንድ ስልክ አለው። ዓይነቱ ዛሬ መንገድ ላይ በሚያልፍ ሰው ሁሉ እጅ የሚታየው፣ ጀርባው የሚያብለጨልጨው ነው። ወንድምና እህቶቹ አዋጥተው ገዙት፤ ከሣጥኑ አውጥቶ ያዘጋጀው ግን መቀሱ ነው። ስልኩ ፊት አሳየኝ ሲለው የራሱን ፊት አሳየው። የሚስጥር ቁጥር ስጠኝ ሲለውም ሰጠው። ቁጥሩን ለሌላ ሰው መንገር ለማንም አልታየውም፤ መቀሱ ሁልጊዜ እዚሁ ነበርና። መልእክት ሲገባ ወይም ደንበኛ የልብስ ፎቶ ሲልክ አሠራሩ የታወቀ ነበር። ስልኩን ይዞ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ መሄድ፣ መቀሱ ፊት ላይ መደቀን፣ ሲከፈት ይዞ መመለስ። መቀሱም ጨርቁን ሳይለቅ አንገቱን ብቻ ያዞር ነበር። ማንም ይህን እንደ ችግር ቆጥሮት አያውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት መቀሱ አንድን ርዕሰ መምህር በሜትር መለካት ትቶ፣ ስልኩ ውስጥ ባለው በካሜራ አይቶ ልኬት በሚናገር ነገር ለካቸው። ኮቱ ሲያልቅ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ መስታወት ፊት ቆመው እጃቸውን ወደ ታች ሲስቡ ሰብሳቢዋ በደንበኛው ፊት እንዲህ አሉ፦ «ሜትር እያለ በስልክ የሚለካ ሰው፣ እህቱ ስልኩ ነው፤ እኔ አይደለሁም።» መቀሱም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «እንግዲያው ይኸውልሽ፣ ወንድም ይሁንሽ» ብሎ ወጣ። አሁን የሚያድረው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ካለው ፀጉር ቤት ጀርባ በተከራየው ክፍል ነው።

ስልኩ ቀረ፤ ፊቱ ሄደ። ፊቱ በሌለበት ስልኩ አይከፈትም። በመጪው እሑድ የምትዳረው የማዶዋ ሙሽራ ልኬት ደግሞ ስልኩ ውስጥ ነው። ስብሰባው የተጠራው በዚህ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ በስልኩ ላይ ያሉ አጠቃላይ ብሶቶች

ሹፌሩ መጀመሪያ ተናግሯል። ስልኩ ጠዋት ጠግቦ ይነሳል፣ ምሳ ሳይደርስ ቀይ ያበራል፣ ከዚያ ወዲያ ልሙት ይላል። እሱ የሚነዳው አውቶቡስ እንዲህ ዓይነት ጸባይ ቢኖረው ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪውን አውርዶ ይተኛ እንደነበር፣ ነገር ግን አውቶቡሱ የእሱ የራሱ ዕድሜ ያህል እንደሆነና እስካሁን አንድ ቀን ደከመኝ እንዳላለ ገልጿል። ትንሿ ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ተበላሽቶ ተሳፋሪው ወርዶ እንደገፋው አስታውሳለች። ሹፌሩ ያ ድካም ሳይሆን ብልሽት ነው ብሏል።

ትንሿ በበኩሏ ስልኩ ሲገዛ ሣጥኑ ውስጥ ቻርጀር እንዳልነበረ፣ ለብቻው ተገዝቶ እንደመጣ፣ ይህም ሱሪ ሸጦ ዚፑን ሌላ ሱቅ ሂዳችሁ ግዙ እንደማለት መሆኑን ተናግራለች። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳ አለመኖሩንም አንስታለች። የሚከተለው ቃሏ እንዳለ እንዲያዝላት ጠይቃለች፦ «ቀዳዳ መብሳት ከከበዳቸው ለእኔ ይላኩልኝ። ቀኑን ሙሉ የቁልፍ ቀዳዳ ስሠራ ነው የምውለው። አንድ ስልክ ምን አላት?»

ባለሙያው አዲሱ የስልክ ዓይነት ቢገዛ ችግሩ እንደሚቀረፍ ተናግሯል። አዲሱ ቀዳዳ አለው ወይ ተብሎ ተጠይቆ፣ የለውም ብሏል።

ጸሐፊው ስልኩ ዘወትር «ቦታ ሞልቷል» እያለ እንደሚያስፈራራ አንስቶ፣ እጅ ውስጥ የሚገባ ነገር ምን ቢሞላ ነው ሲል ጠይቋል። ባለሙያው በየወሩ እየተከፈለ ተጨማሪ ቦታ እንደሚገኝ አስረድቷል። ሰብሳቢዋ፦ «የዚህ ቤት ኪራይ አንሶን፣ እዚያ ውስጥ ላለው ክፍልም ኪራይ ልንጀምር ነው? መስኮት አለው?» ባለሙያው መስኮት ስለመኖሩ እርግጠኛ አልሆነም።

በመጨረሻም ሰብሳቢዋ ስልኩ ቋንቋችንን እንደማይሰማ በምሬት ተናግረዋል። ሰው ሲያናግረው በባዕድ ቋንቋ ይመልሳል፤ የሚመልሰውም ያልተጠየቀውን ነው። ሰብሳቢዋ ስልኩን ለምን እንዳናገሩት ሲጠየቁ ትንሿ ቀድማ መረጃ ሰጥታለች። ትናንት ሁሉም ለምሳ ሲወጣ እሷ መቀስ ረስታ ስትመለስ፣ ሰብሳቢዋ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው «ደውልለት» ሲሉት ሰምታለች። ስልኩ የሆነ ነገር ሲመልስም «አንተን አይደለም፣ ለሱ» ብለውታል።

ሰብሳቢዋ ይህ ለሙከራ ያህል ብቻ የተደረገ መሆኑን አስረድተው፣ ስለ ሙከራው ሌላ ጥያቄ እንዳይቀርብ አሳስበዋል። አልቀረበም።

ውሳኔ፦ ከረዥም ውይይት በኋላ ለስልኩ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። የሚላክበት አድራሻ ስላልተገኘ ማስጠንቀቂያው ታጥፎ በራሱ በስልኩ ሽፋን ውስጥ እንዲቀመጥ ሆኗል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስልኩን በቤቱ አቅም ስለመክፈት

የመቀሱን ፊት በሌላ ፊት ለመተካት የሚከተሉት ሙከራዎች በጉባኤው ፊት ተደርገዋል።

ሰብሳቢዋ ከመቀሱ ጋር አንድ አፍንጫ ስለሚጋሩ ቅድሚያ ተሰጣቸው። ስልኩ ራሱን ነቀነቀ። ሰብሳቢዋ ተቆጥተው እንደገና ቢያሳዩትም እንደገና ነቀነቀ። ትንሿ መቀሱ ስልክ ሲከፍት እንዲህ ተኮሳትሮ እንደማያውቅ አስተያየት ሰጥታለች።

ሹፌሩ የመቀሱን ኮፍያ አድርጎ ቀርቧል። ስልኩ ብቻ ሳይሆን ጉባኤውም አልተቀበለውም።

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለው የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወርዶ፣ የመቀሱ ፊት በአሻንጉሊቱ አንገት ልክ እንዲውል ተደርጎ በመርፌ ተያያዘ። ከሩቅ ሲታይ በጣም ይመስል ነበር። ሰብሳቢዋ አንድ ጊዜ ከኋላው ሲያልፉ የጃኬቱን ትከሻ በእጃቸው አስተካክለዋል። ስልኩ ግን ፎቶግራፍና ሰው የመለየት ልማድ እንዳለው ታውቋል። ባለሙያው ይህ የስልኩ ጥንካሬ እንጂ ድክመት እንዳልሆነ ሊያስረዳ ሲጀምር፣ ሹፌሩ ከማን ወገን እንደሆነ እንዲያሳውቅ ጠይቆታል።

ጸሐፊው በመጨረሻ ፈገግ ብሎ ቀርቧል። ስልኩ ከዚህ በኋላ ምንም ፊት አልቀበልም፣ ቁጥር አስገቡ አለ። ጸሐፊው ነገሩን በግል አልወሰደውም።

በቁጥር ረገድ ሹፌሩ የአውቶቡሱን ቁጥር ሞክሯል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ፣ እሱ ቢሆን ያንን ያደርግ እንደነበር አስረድቷል። ትንሿ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እስከ ስድስት ሞክራ፣ ወንድሟ ይህን ያህል ሰነፍ ባለመሆኑ እንዳዘነች ተናግራለች። ሰብሳቢዋ የመቀሱን የአንገት፣ የትከሻና የእጅጌ ልኬት ምንም ሳይመለከቱ በቃላቸው ተናግረው በተርታ እንዲገባ አድርገዋል። አልሠራም። ልኬቱን እንዴት በቃል እንደያዙት ሲጠየቁ፣ የቤት ሰው ልኬት የሚጻፍ ነገር እንዳልሆነ መልሰዋል።

በዚህ ጊዜ ስልኩ ለአንድ ሰዓት ያህል እንደማያናግረን በጽሑፍ አስታወቀ። ባለሙያውም ከዚህ በላይ ከተሳሳትን ስልኩ በውስጡ ያለውን ሁሉ በራሱ ሊያጠፋ እንደሚችል አሁን ተናገረ። ቀደም ብሎ ለምን እንዳልተናገረ ተጠይቆ፣ ሙከራው ደስ ብሎት እያየ እንደነበር አምኗል።

ውሳኔ፦ ማንም አባል ሳያስበው እንዳይነካው ስልኩ የትርፍ ልብስ ቁልፎች በሚጠራቀሙበት ቆርቆሮ ውስጥ ተደርጎ ክዳኑ እንዲገጠም ተወስኗል።

አጀንዳ ሦስት፦ የፊቱን ባለቤት ስለማግኘት

ሰብሳቢዋ ውይይቱን የከፈቱት አንድ ቅድመ ሁኔታ በማስቀመጥ ነው። ከዚህ ቤት ማንም ሰው ቀድሞ ወደ መቀሱ ደጅ አይሄድም። እሳቸው ታላቅ ናቸው፤ ታላቅ ደግሞ ይጠበቃል እንጂ አይሄድም። ይህ ቅድመ ሁኔታ ሳይከራከሩበት ጸደቀ፤ የሚከራከር ሰው እራቱን የት እንደሚበላ አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት።

ስለዚህ ሳይሄዱ የሚደረስበት መንገድ ተፈለገ። ሹፌሩ አውቶቡሱ በፀጉር ቤቱ በር ላይ ሊበላሽ እንደሚችል ተናግሯል። አውቶቡሱ በዚያ መንገድ እንደማያልፍ ሲነገረው፣ ለቤተሰብ ሲባል መንገድ ስቶ መበላሸት ነውር እንዳልሆነ ተከራክሯል። ትንሿ ደግሞ መቀሱ በተኛበት ገብታ ስልኩን ፊቱ ላይ ልትደቅን ሐሳብ አቀረበች። ባለሙያው ዓይኑ ካልተገለጠ ስልኩ አይቀበልም አለ። ትንሿ እቀሰቅሰዋለሁ አለች። ሹፌሩ ከተቀሰቀሰ ቁጥሩን መጠየቅ አይቀልም ወይ አለ። ትንሿ «ያማ መጠየቅ ሆነ! አልሰማህም እንዴ፣ መጠየቅ ክልክል ነው» አለች። ሹፌሩ ቀና ብሎ ሰብሳቢዋን አይቶ ተስማማ።

በዚህ መካከል ጸሐፊው አንድ ትንሽ ጥያቄ አቀረበ። ሙሽራዋ የምትኖረው ከማዶ ነው፤ ከዚህ በመስኮት መጋረጃዋ ይታያል። ሜትሩም እዚሁ ሰብሳቢዋ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ለምን እንደገና አትለካም?

ጉባኤው ጸሐፊውን ለረዥም ጊዜ ተመለከተው። ትንሿ ጣሪያውን፣ ሹፌሩ ጫማውን ማየት ጀመሩ። ሰብሳቢዋ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን አሳውቀው፣ ጸሐፊው ሥራው መጻፍ እንደሆነ አስታውሰዋል። ጸሐፊው ጽፏል።

ውሳኔ፦ ከረዥም ውይይት በኋላ ስልኩ ከላይኛው መደርደሪያ ጨርቅ በሚወርድበት ረዥም እንጨት ጫፍ በላስቲክ ታስሮ፣ በፀጉር ቤቱ መስኮት በኩል ወደ መቀሱ ፊት እንዲዘረጋ ተወሰነ። እንጨቱን ሹፌሩ ይይዛል። መቀሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዲያዞር ትንሿ ታፏጫለች። ጸሐፊው ጎረቤት እንዳይጠረጥር አጠገባቸው ቆሞ ጋዜጣ ያነባል። ይህም ደጁ ድረስ እንደመሄድ እንዳይቆጠር፣ ሦስቱም ከመንገዱ ማዶ እንዲቆሙ የእንጨቱ ርዝመት ይጨመራል።

ውሳኔው ከጸደቀ በኋላ ባለሙያው ስልኩ ከአሁን ወዲያ ቁጥር እንጂ ፊት እንደማይቀበል አስታወሰ። ውሳኔው የጸና ሆኖ እንዲቀመጥ፣ ግን እንዳይፈጸም ተስማምተናል።

አጀንዳ አራት፦ ስልኩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ስለመጀመር

ባለሙያው አንድ መንገድ ብቻ እንደቀረ ተናግሯል። ስልኩ ሱቁ ተወስዶ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ልክ ከሣጥኑ እንደወጣ ይሆናል። ከዚያ የፈለገው ሰው ፊቱን ያስመዘግባል። ሥራው ቀላል ነው፤ ነገ ጠዋት ይደርሳል።

ትንሿ የሁሉንም ፊት ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። አይቻልም ተባለ። ስልኩ ያን ያህል ፊት አይችልም። ሹፌሩ አራት ሰው የማያውቅ ስልክ ይህን ሁሉ ካሜራ ጀርባው ላይ ለምን እንደተሸከመ እንዲብራራለት ጠየቀ።

ሹፌሩ ልኬቱ ከጠፋ ምን ትርፍ አለው የሚል ጥያቄም አነሳ። ባለሙያው ልኬቱ አሁንም ቢሆን እንደሌለ ይቆጠር፣ ቢያንስ ስልክ ይኖራችኋል አለ። ይህ ንግግር በክፍሉ ውስጥ ከተነገሩት ሁሉ ትክክለኛው ስለነበር ማንም አልወደደውም።

ቀጥሎ ሰብሳቢዋ ጠየቁ። ከጠፋ በኋላ የፊቱ ባለቤት አንድ ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ ስልኩ ያውቀዋል ወይ?

ባለሙያው አያውቀውም አለ። ለስልኩ እንደማንኛውም መንገደኛ ነው።

ሰብሳቢዋ ጥያቄውን በሌላ አነጋገር ደገሙት። አጠገቡ ቢቆምስ? ባለሙያው አጠገቡ ቢቆምም ያው ነው አለ። ሰብሳቢዋ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው መጠቅለል ጀመሩ። ጥቅልሉ ሲያልቅ ፈተው እንደገና ጠቀለሉት።

ድምፅ ተሰጠ። ሹፌሩ ደገፈ፤ እሱ ስልክ መተኛት እንዳለበት ሁሉ ቤትም መተኛት አለበት ብሎ ያምናል፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ሰው የተነሳ ሁሉም ሹክ እያለ እያወራ እንደሆነ ተናግሯል። ትንሿ ተቃወመች። ምክንያቷን ስትጠየቅ «ምክንያት የለኝም፣ ተቃውሜያለሁ» ብላለች። ጸሐፊው እጁ በእስክሪብቶ ተይዞ ስለነበር ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል። ድምፁ እኩል በመሆኑ የሰብሳቢዋ ድምፅ የመጨረሻ ሆነ። ሰብሳቢዋ ባዶውን ጠረጴዛ እያዩ «ይጥፋ» ብለዋል።

ውሳኔ፦ ስልኩ ነገ ጠዋት እንዲጠፋ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል።

ከአጀንዳ ውጭ የተከሰተ

ስልኩ ቆርቆሮው ውስጥ ጮኸ። ቁልፎቹ አብረውት ስለተንቀጠቀጡ ድምፁ ከወትሮው ይበልጥ ነበር።

ክዳኑ ተነስቶ ታየ። የደወለው ቁጥር የማይታወቅ ነው። ባለሙያው ስልኩ ቢዘጋም የሚደወልለትን ማንሳት እንደሚቻል ሲያስረዳ ትንሿ እጇን ዘረጋች። ሰብሳቢዋ «ተዪው» አሉ። የሙሽራዋ እናት ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ቀሚሱ የት ደረሰ ቢሉ የሚሰጥ መልስ እንደሌለ ገለጹ። ሹፌሩ በተጨማሪ ስልክ ማንሳት በአጀንዳው ላይ ስላልተያዘ በመጀመሪያ አጀንዳ ሆኖ መጽደቅ እንዳለበት አመለከተ። በዚህ ላይ ውይይት እየተደረገ ስልኩ ዝም አለ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲጮህ «ስልክ ስለማንሳት» የሚል አጀንዳ አምስት እንዲከፈት ተስማማን። አጀንዳው ሲጻፍ ዝም አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ማን ያንሳ የሚለው ለድምፅ ቀረበ፤ ሹፌሩ ተጠቆመ፤ ሹፌሩ ጥቆማውን ለማሰብ ጊዜ ጠየቀ፤ ዝም አለ።

ውሳኔ፦ አራተኛ ጊዜ ከተደወለ ሹፌሩ አንስቶ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እንዲል ተወስኗል። አራተኛ ጊዜ አልተደወለም።

ጥቂት ቆይቶ በሩ በኃይል ተደበደበ። የሙሽራዋ እናት በአካል መምጣታቸውን ማንም አልተጠራጠረም። ትንሿ ለሙሽራዋ ቀሚስ የተገዛውን ነጭ ጨርቅ በአሻንጉሊቱ ላይ ከነፎቶግራፉ ጣለችበት። ሰብሳቢዋ ወንበራቸውን ስበው ክር ያልገባበት የስፌት መኪና ፊት ተቀምጠው መርገጥ ጀመሩ። ባለሙያው ምንም ሳይባል ጠረጴዛው ሥር ገባ። ሹፌሩ አውቶቡሱ ላይ በሚጠቀምበት ድምፅ «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ቀስ» እያለ ከፈተ።

በሩ ላይ የቆመው መቀሱ ነው። የፀጉር ቤቱን ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ይዞ መጥቷል። አንድ ጉንጩ ተላጭቷል፤ ሌላው በሳሙና አረፋ ነጭ ነው። አንድ እግሩ ላይ ሰንደል አለ፤ ሌላው ላይ የለም። ለመናገር ትንፋሽ አጥሮት ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን፤ ሰብሳቢዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ደህና ናችሁ?»

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ ሰብሳቢዋ፤ መኪናውን መርገጥ ግን አላቆሙም።

«ሦስቴ ደወልኩ፣ በፀጉር አስተካካዩ ስልክ። ይህ ቤት ስልክ ሳያነሳ የሚቀረው መቼ ነው? በዚህ ያለፈ አንድ ሰው ሰሌዳው ዝግ ይላል ብሎ ነገረኝ። በማክሰኞ ቀን! የሆነ ነገር የሆነ ሰው አለ ብዬ…» አለና ቆመ። «አንቺ ነሽ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ሰብሳቢዋ መርገጥ አቆሙ።

ትንሿ፣ ያ ሁሉ ሳይሆን መጀመሪያ የደወልከው ምን ልትል ነው ብላ ጠየቀችው። መቀሱ ትንሽ አስቦ፣ ሲሮጥ መንገድ ላይ እንደረሳው ተናግሯል። ጉባኤው መልሱን አምኖ ተቀብሏል።

ሹፌሩ ከልማድ የተነሳ ስልኩን ከቆርቆሮው አውጥቶ መቀሱ ፊት ላይ ደቀነው። መቀሱም ከልማድ የተነሳ አንገቱን አዞረ። ስልኩ ሰዓቱ እንዳልሞላ አስታውቆ እምቢ አለ። ትንሿ «አትፍረዱበት፣ ግማሹ ሳሙና ነው፤ እኛም በግምት ነው ያወቅነው» አለች። መቀሱ ቁጥሩን ሊናገር አፉን ሲከፍት ሰብሳቢዋ «ቆይ፣ አፍህ ውስጥ ይገባል» ብለው ተነሱ። ከሙሽራዋ ነጭ ጨርቅ ጫፍ ይዘው ጉንጩን ጠረጉት። ጨርቁ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጸሐፊው ይህ በቃለ ጉባኤው ይግባ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰብሳቢዋ ሳይዞሩ «ጋሼ፣ ኧረ ይተዉን» ብለዋል። ይህ ውሳኔ ስላልሆነ ገብቷል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሰብሳቢዋ ቆመው ባቀረቡት ሐሳብ፣ ያለ ምንም ውይይት፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ለስልኩ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ከሽፋኑ ወጥቷል። እንጨቱ መደርደሪያው አጠገብ ይመለሳል። ማንም ቀድሞ ወደ ማንም ደጅ አይሄድም የሚለው ቅድመ ሁኔታ ከመነሻው እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ሰብሳቢዋ እንዲህ ያለ ነገር ማለታቸውንም አያስታውሱም። ስልኩ ነገ አይጠፋም። «ያለ ፈቃድ» የሚለው ከነመስመሩ ይሰረዛል። አጀንዳ አምስት የተከፈተ ቢሆንም ያልተዘጋ በመሆኑ ሳይሻር ተሽሯል። ትንሿ ማዶ ተሻግራ ሙሽራዋን እንድትጠራ ተልካለች፤ በሜትር ትለካ ወይስ በስልክ የሚለው ጠብ ወዲያው ተጀምሯል፣ ግን ቤት ውስጥ ነው።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ራሱም ይሻር እንደሆነ ጠይቋል። ሰብሳቢዋና መቀሱ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ እየዘረጉ ነበር፤ ባለሙያው ከሥሩ እንዲወጣም ተነግሮታል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተበትኗል። ስልኩ እስካሁን አልተከፈተም። ቁጥሩ ስንት ነው ብሎ የጠየቀም የለም።